ከነጩ ቡቃያ በፊት ሥሩን እዪ

ቆይ፣ ቆይ፤ ብርጭቆውን እንዳትነቀንቂው። ደብተሩ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ በደንብ እዪው።

ሚጣዬ፣ እዚህ ከኋላሽ ቆሜ ሳይሽ «አምስተኛ ቀን፣ በቅሏል» ብለሽ ልትጽፊ ነው። አትጻፊ። ከውኃው በታች የተኛው የሩዝ ፍሬ ምን አወጣ? ነጭ፣ ቀጭን፣ ጫፉ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነገር፤ አንዳንዱ የጣትሽን ሁለት አንጓ ያህላል። አረንጓዴ የሚባል የለበትም። አሁን ዓይንሽን ወደ ፍሬው ዝቅ አድርጊ። ሥር አለው? የለውም። አንዳንዱ ላይ ነጭ ነጥብ ብጤ ብቅ ብላ እዚያው ቀርታለች።

እስቲ ደግሞ ያንን ዝርግ ሳህን አምጪው፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ያስቀመጥሻቸውን። እነዚህ ሥራቸው ረዝሟል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር አውጥቶ ወረቀቱን ሙጭጭ ብሎ ይዟል። ወደ ላይ የወጣው ግን አጭር ነው፤ ሽፋኑን ሰንጥቆ አረንጓዴ ቅጠል አሳይቷል። ሁለቱም ከአንድ ከረጢት የወጡ ዘሮች ናቸው፤ በአንድ ቀን ነው የተዘፈዘፉት። ሁለቱንም «በቅሏል» በሚል አንድ ዓምድ ሥር ብትከቻቸው የመመረቂያ ጽሑፍሽ ዋና ጉዳይ ገና ከገጽ አንድ ሳይደርስ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ደብተርሽን እንደገና አስምሪው። ለነጩ ሽፋን ርዝመት አንድ ዓምድ፣ ለሥሩ ርዝመት ሌላ፣ ቅጠል ሽፋኑን ቀድዶ ወጥቷል ወይስ አልወጣም ለሚለው ደግሞ ሌላ። በዘር ጥራት ላብራቶሪ ስንሠራ «መደበኛ ቡቃያ» እና «መደበኛ ያልሆነ ቡቃያ» ብለን የምንለየው ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። ነፍስ ያለው ዘር ሁሉ ማሳ ላይ ቆሞ ፍሬ የሚሰጥ አይደለም።

ያ ነጭ ነገር ቅጠልም ግንድም አይደለም። ወጣቱን ቅጠል ሸፍኖ አፈሩን የሚያሻግረው ሰገባ ነው፤ ክፍል ውስጥ ኮሊዮፕታይል ያሏችሁ። አየር እንደልብ ባለበት ቦታ ሥራው አጭር ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቅጠሉ ቀድዶት ይወጣል። ውኃ ውስጥ ግን እዪው፤ እንደ ዝርያው ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ሰው ሲያየው «እንዴት ያለ ጠንካራ ዘር ነው!» ይላል። እኔ ግን እንዲህ የረዘመ፣ የነጣና ሥር የሌለው ቡቃያ ሳይ የሚታየኝ አየር ያጣ ዘር ነው።

ውኃውን አታሚው። ሩዝ ውኃ ይወዳል፤ ችግሩ ውኃ አየር አለመያዙ ነው። ቁጥሩን ልንገርሽ፣ ጽሑፍሽ ውስጥም ይገባል። አየር ውስጥ አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ነው። ውኃ ግን በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ፣ አየር እስኪጠግብ ድረስ ብታናፍሺው በአንድ ሊትር የሚይዘው 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ብቻ ነው። ያን ያህል መጠን ካለው አየር ጋር ስታወዳድሪው ከ30 ጊዜ በላይ ያንሳል። እኛ ደግሞ ያለነው ባሕር ዳር ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ስለሆነ ይህ ብርጭቆሽ ሲጠግብም ከ7 ሚሊ ግራም ብዙም አያልፍም። ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ያገኘሽውን ቁጥር እንዳለ ገልብጠሽ እንዳትጽፊ፤ ስንቱ ተማሪ እንዲህ አድርጎ ፈታኝ ፊት አንገቱን እንደደፋ አትጠይቂኝ። ቤቱ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ውኃው የሚይዘው ይቀንሳል፣ ዘሩ የሚተነፍሰው ይጨምራል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

መጠኑ ማነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘሩ እንደምንም ይችለው ነበር። የባሰው ፍጥነቱ ነው። ኦክስጅን በረጋ ውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 ጊዜ ገደማ ዘግይቶ ነው። ከታች የተኛው ፍሬ አጠገቡ ያለውን ተንፍሶ ሲጨርስ ከላይ የሚተካለት ቶሎ አይደርስም። ስለዚህ ብርጭቆሽ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከላይ ሌላ፣ ፍሬው ጋ ሌላ ነው። መለኪያውን ከላይ ነክረሽ «የውኃው ኦክስጅን ይህን ያህል ነው» ብትዪ የዘሩን ነገር አልለካሽም።

እማዬ ብቅል ስታበቅል ስንት ጊዜ አይተሻታል። ገብሱን ትዘፈዝፋለች፤ ከዚያ ውኃውን አጥልላ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች እንጂ ውኃው ውስጥ እስኪያቆጠቁጥ አትተወውም። ብትተወው ይሸታታል፣ ይላቆጣል፣ ጠላውም ይቀራል። ያችን ገብስና ይህን ሩዝ ጎን ለጎን ብትዘፈዝፊያቸው የሩዝ ልዩነት በሦስት ቀን ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። እንዲያውም አድርጊው፤ አንድ ብርጭቆ ገብስ ጨምሪ። ፈታኞችሽ «ሩዝ ልዩ ነው የምትዪው ከምን ጋር አወዳድረሽ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

ገብስና ስንዴ ውኃ ውስጥ የሚሸነፉት ስንቅ አጥተው አይደለም። ፍሬያቸው በስታርች የተሞላ ነው። ግን ኦክስጅን ሲጠፋ ያንን ስታርች ወደ ስኳር የሚቆራርጠውን አሚሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ማምረት ያቅታቸዋል። ጽንሱ በተሞላ ጓዳ ውስጥ ይራባል። የጣሊያኗ ፒሳ ከተማ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ይህን ጉዳይ በሰፊው አጥንተውታል። ሩዝ ግን ያለ ኦክስጅንም የሚሠራ የራሱ አሚሌዝ አለው። የስኳሩ መጠን መውረዱን ጽንሱ ሲያውቅ ኢንዛይሙን የሚያዘው ጂን ይቀሰቀሳል፤ ስታርቹ ይቆረጣል፤ ስኳሩም ወደ ቡቃያው ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ ግን በውድ ዋጋ ነው። ኦክስጅን ሲኖር ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል 30 ገደማ ኤቲፒ፣ ማለትም ሴሉ ለሥራው የሚያወጣው የጉልበት ገንዘብ፣ ይገኛል። ኦክስጅን ሲጠፋ የሚገኘው ሁለት ብቻ ነው። የቀረው ጉልበት አልኮል ሆኖ ወደ ውኃው ይወጣል። ክዳኑን ክፈቺና አሽትቺው። አዎ፣ ያ የጠላ ጠላ የሚል ሽታ ነው። ፍሬው የበሰበሰ መስሎሽ እንዳትደፊው፤ ሩዙ እየኖረ ያለው በዚያ መንገድ ነው። የበሰበሰውን በሽታውም በመልኩም ትለዪዋለሽ፤ ስትጫኚው ግራጫማ ሆኖ ይፈርጣል፣ ሽታውም አፍንጫ አያስቀርብም።

እንግዲህ ጉልበቱ እንዲህ ካነሰ ዘሩ ያለችውን በምን ላይ ያውላት? ሩዝ የመረጠውን ብርጭቆሽ ውስጥ አይተሽዋል። ሥር አያበቅልም። ቅጠል አይከፍትም። አረንጓዴም አይሆንም፤ ክሎሮፊል ሲሠራ ራሱ ኦክስጅን የሚጠይቅ ደረጃ አለውና። ሁሉንም ትቶ ሰገባውን ብቻ ወደ ላይ ይለጥጣል። ለጠጠ ያልኩሽ አውቄ ነው፤ እድገቱ በአብዛኛው አዳዲስ ሴሎች በማብዛት የመጣ አይደለም፣ ያሉት ሴሎች ውኃ ጠጥተው እየረዘሙ ነው። ርካሹ እድገት እሱ ነው። ሥር ለማብቀል ግን ሴል መከፋፈል አለበት፤ ለዚያ የሚሆን አቅም ገና የለውም።

ከዚያ ጫፉ ከውኃው በላይ ብቅ ሲል ታሪኩ ይለወጣል። አየሩ በሰገባው ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ተንሸራቶ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሬው ኦክስጅን ያገኛል፤ ሥሩም ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው ዓይንሽን መትከል ያለብሽ። ኮርዳን የሚባል የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ኒው ፋይቶሎጂስት በሚባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ስለዚሁ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ሩዝ ቡቃያው ከኦክስጅን አቅርቦትና ከሥር እድገት ጋር ስላለው ግንኙነት። ፈልገሽ አንብቢው። ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ ጂን ካልተጻፈ አያነብም፤ የድሮዎቹ ግን በብርጭቆና በማስመሪያ ብቻ ስንቱን ነገር አይተዋል። አንቺም ያለሽ ብርጭቆና ማስመሪያ ነው፤ አትናቂው።

አሁን ወደ አቀማመጥሽ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ።

ጥልቅ ውኃ ያለበት ብርጭቆና እርጥብ ወረቀት ብቻ አስቀምጠሽ «ኦክስጅን እንዲህ አደረገ» ማለት አትችዪም። በሁለቱ መካከል የተለያየው ኦክስጅኑ ብቻ አይደለም፤ ውኃውም ነው። ጠያቂ ተነስቶ «ሥሩ የቀረው ውኃው ስለተጫነው ቢሆንስ?» ቢልሽ መልስ የለሽም። ስለዚህ ሌላ ብርጭቆ ጨምሪ፤ ያንኑ ያህል ጥልቀት ያለው ውኃ፣ ግን ከዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ላይ በሚገጠመው ትንሽ ፓምፕ አየር የሚነፋበት። ቱቦውን ከፍሬዎቹ አጠገብ አውርጂው፤ አረፋው ግን እንዳያንገላታቸው ቀስ ብሎ ይነፋ። እዚያ ፍሬዎቹ ውኃ ውስጥ እንደሰጠሙ ሥር ሲያወጡ ካየሽ ነገሩ አለቀ፤ ጥፋቱ የውኃ አለመሆኑን አሳየሽ። ከሁሉም ብርጭቆ በላይ የምትፈልጊው ይህንን ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ኦክስጅን የተነጠቀ ውኃ ያስፈልግሻል። ናይትሮጅን ጋዝ ከሌለሽ ውኃ አፍዪ፤ ሲፈላ በውስጡ የሟሟው አየር ይወጣል። ትኩሱን እስከ አፉ ሞልተሽ ክደኚው፣ ይቀዝቅዝ። ፍሬዎቹን ስትጨምሪ ፈጠን በዪ፣ አታንቦጫርቂው፣ ከላይ አየር እንዳይቀር ሞልተሽ መልሰሽ ግጠሚው። ፍጹም አይደለም፤ ፍሬው ራሱ በቅርፊቶቹ መካከል ትንሽ አየር ይዞ ይገባል። ስለዚህ «ኦክስጅን አልባ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ኦክስጅኑ እንዲወጣ የተደረገ» በዪ። ዘይት ከላይ ማፍሰስ ያስተማሩሽ ካሉ እሱ የአየሩን መግባት ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም።

አንድ ብርጭቆ ውስጥ እንዲህ እፍኝ ፍሬ የምትሞጅሪው ደግሞ ለምንድን ነው? እነዚህ ሁሉ ይተነፍሳሉ እኮ! ብዙ ፍሬ ያለበት ብርጭቆ ኦክስጅኑን ቶሎ ይጨርሳል፤ ከዚያ የጥልቀት ልዩነት የመሰለሽ የብዛት ልዩነት ሆኖ ይገኛል። በየብርጭቆው እኩል ፍሬ፣ በዛ ካለ ውኃ ጋር። ፍሬውን አስቀድመሽ በተበረዘ በረኪና ጥቂት ደቂቃ እጠቢና ሽታው እስኪጠፋ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ቅርፊቱ ላይ ያለው ባክቴሪያና ሻጋታም ከዘሩ ጋር ለኦክስጅኑ ይሻማልና ነው። ውኃው ላይ የተንሳፈፉትን አውጥተሽ ጣዪ፤ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው።

መስኮቱ ጋ ያለውን ብርጭቆ ተመልከቺው፤ ግድግዳው አረንጓዴ እያለ ነው። አልጌ ነው። ቀን ቀን ብርሃን ሲያገኝ ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ደግሞ መልሶ ይበላል። አንቺ የምትለኪው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የሌሊቱን ጭንቅ አታዪውም። ወይ ሁሉንም በጥቁር ፌስታል ሸፍኚ፣ ወይ ሁሉንም እኩል ብርሃን ላይ አኑሪ። ግማሹ መስኮት ላይ ግማሹ ቁም ሣጥን ላይ አይሆንም።

ሌላ ነገር። ቁመት ለመለካት በየቀኑ እጅሽን ከተትሽ ቡቃያውን ታወጪዋለሽ፣ ትለኪዋለሽ፣ ትመልሺዋለሽ። ወጥቶ በቆየበት ደቂቃ አየር አገኘ! ውኃውም ተነካክቶ አየር ገባበት። ከዚያ «በአራተኛው ቀን ሥር ብቅ አለ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ሥሩ ብቅ ያለው ግን ባንቺ እጅ ነው። ለየቀኑ የየራሱን ብርጭቆ አዘጋጂ። የሦስተኛውን ቀን ብርጭቆ በሦስተኛው ቀን ትከፍቺያለሽ፣ ትለኪያለሽ፣ ትደፊዋለሽ። ብርጭቆ አልቆብኝ እንዳትዪኝ፤ የጃም ጠርሙስ ሰፈሩ ሙሉ ነው። መለያውን በእርሳስ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሩዝ ገበሬዎቹ፣ ወረታ ስትወርጂ ምን እንደምትዪ እንነጋገር። ወደ ፎገራ ሄደሽ ገበሬ ፊት ያለ ኦክስጅን መብቀልን «አናይሮቢክ ጀርሚኔሽን» ብትዪ ከት ብለው ይስቁብሻል፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ ሩዝ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው፤ ኤክስ-ጅግና የሚሉት ዝርያ ስሙን ያገኘው የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከሠሩበት ከጅግና አካባቢ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲገቡ ሜዳው ላይ ይተኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የነበረውን ጎርፍ የማያስታውስ የአካባቢው ሰው የለም። ገበሬው ዘሩን በአብዛኛው የሚበትነው ክረምቱ ሳይጠነክር ነው፤ ውኃው ሳይመጣ ቡቃያው ሥር እንዲይዝ። ይህ ብልሃት ነው። ኦክስጅን የሚለውን ቃል ሳይጠራ ኦክስጅኑን አስልቶታል። የሚቸገረው ዝናቡ ሲቀድመው ነው፤ ወይም ማሳው እኩል ካልተስተካከለና ዝቅ ያለው ጎን ውኃ ሲያቁር። አንድ ማሳ ላይ ግማሹ ለምለም ሆኖ ግማሹ ባዶ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ዘሩን ይወቅሱታል። አንቺ ግን ወርደሽ ባዶው ጎን ጭቃውን በጣትሽ ፈልቅቂው። ነጭ፣ ረጅም፣ ሥር የሌለው ቡቃያ ካገኘሽ ዘሩ ሞቶ አልነበረም።

ጭቃ ደግሞ ከብርጭቆ ይብሳል። በውኃ የተዋጠ አፈር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የነበረውን ኦክስጅን በአንድ ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጭቃ ላይ ያረፈ ፍሬና ጭቃ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር የተቀበረ ፍሬ አንድ አይደሉም። ዝናብ የሚያሰጋው ማሳ ላይ ዘሩን በጥልቀት መቅበር ከወፍ ለመጠበቅ ይበጅ ይሆናል፤ ለብቅለት ግን አይበጅም።

እንዲህ ዓይነት ማሳ ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ ጥቂት ፍሬ አንስተሽ ተጫኚ። ውስጡ ገና ነጭና ጠንከር ያለ ከሆነ ስንቅ አለው ማለት ነው። ውኃው በቶሎ ከተንቆረቆረ ሥሩ ይመጣል። ባዶ ቅርፊት ብቻ ከሆነ ወይም ከገማ ግን ውኃ ማንቆርቆር ዋጋ የለውም፤ ያ ጎን እንደገና መዘራት አለበት። ውኃ ማስወጫ ቦዩን ዛሬ መክፈትና ከአራት ቀን በኋላ መክፈት ትልቅ ልዩነት አለው። አባወራውን «ተሳስተዋል» እንዳትዪ፤ «ጋሼ፣ እስቲ ሥሩን አብረን እንየው» በዪ። ሥር የሌለውን ቡቃያ በእጃቸው ከያዙት ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

ዘርን አጎንቁሎ መበተንም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን መዘፍዘፍ፣ ከዚያ አጥልሎ አንድ ቀን ያህል በጆንያ ማፈን። ፍሬው አየር ላይ እያለ ሥር መጀመሩ ነው ጥቅሙ። ዘፍዝፎ ሦስት ቀን እዚያው ውኃ ውስጥ የተወው ግን ያጎነቆለ መስሎት አድክሞታል። ውኃ ውስጥ ከማቆየት ውኃውን መለወጥ፣ ከመለወጥም ማጥለል ይሻላል።

ውኃ ላይ በቀጥታ የሚዘሩ አገሮች የሉም ወይ? አሉ። በካሊፎርኒያ የተዘፈዘፈ ዘር በአውሮፕላን ውኃ የተሞላ ማሳ ላይ ይበተናል። እዚያም የሚያስቸግራቸው ይኸው ሥር ነው፤ ሥር ያልያዘው ቡቃያ ነፋስ ሲነሳ ተንሳፍፎ ማሳው ጥግ ላይ ይከማቻል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ከዘሩ በኋላ ለጥቂት ቀናት ውኃውን ያንቆረቁሩና ሥሩ መሬት ሲጨብጥ መልሰው ይሞላሉ። ጃፓኖች ደግሞ ዘሩን በካልሲየም ፐርኦክሳይድ ለብጠው ዘርተዋል፤ ያ ነገር ውኃ ሲነካው ቀስ እያለ ኦክስጅን ይለቃል። ብልህ ነገር ነው፣ ግን ዋጋ አለው፤ ለአንድ የፎገራ አነስተኛ ማሳ እንዲህ ያለ ምክር ይዘሽ እንዳትሄጂ። ቦይ መክፈቻ አካፋ ይበቃል።

ያን ያህል ከተቸገሩ ለምን ውኃ ላይ ይዘራሉ ትዪኝ ይሆናል። አረም ነዋ! ውኃው ብዙውን የአረም ዘር አፍኖ ያስቀረዋል። ሁሉንም ግን አይደለም፤ ኢኪኖክሎዋ የሚባለው ሩዝ መሳይ ሣር እንደ ሩዝ ያለ ኦክስጅን መብቀል ይችላል። ሩዝ የያዘውን ብልሃት እሱም ይዞታል፤ አረም የሚነቅል ሰው ከሩዙ ለመለየት የሚቸገረውም እሱን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳታምታቺ፤ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ሲያምታቱ ሰምቻለሁ። ሰብ-ዋን የተባለው ታዋቂ ጂን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታወቀው፣ ከሕንድ ኦዲሻ ከመጣ ኤፍአር13ኤ ከሚባል ዝርያ የተገኘው፣ ለዚህ ችግር አይደለም። እሱ የሚረዳው ሥር ይዞ ቅጠል ያወጣ ተክል ሁለት ሳምንት ያህል በጎርፍ ሲዋጥ ነው፤ ተክሉ እድገቱን ገታ አድርጎ ጉልበቱን ይቆጥባል። ውኃ ውስጥ ለሚበቅል ፍሬ የሚበጀው ግን ተቃራኒው ነው፤ መሮጥ። ለዚያ የተገኘው ጂን ሌላ ነው። ካኦ ህላን ኦን የሚባል የምያንማር ነባር ዝርያ ውስጥ ነው የተገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ማንነቱ ታወቀ፣ ኦኤስ-ቲፒፒ7 ይሉታል። ስታርቹ ቶሎ ወደ ስኳር እንዲቆረጥና ወደ ሰገባው እንዲሄድ ያግዛል፤ በዚያ ሰገባው ቶሎ አየር ጋ ይደርሳል። በፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ሁለቱንም በአንድ ዝርያ ለማዋሃድ የሚደክመው አንዱ የአንዱን ሥራ ስለማይሠራ ነው። ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ስትሄጂ ይህን ለይተሽ ከጠየቅሽ ያከብሩሻል። «ጎርፍ የሚቋቋም ዘር አላችሁ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ግን የምታገኚው መልስ የጥያቄሽን ያህል ነው የሚሆነው፤ ጎርፉ መቼ መጣ፣ ከብቅለት በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አማካሪሽ ርዕሱን «የውኃ ጥልቀት በሩዝ ብቅለት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብሎ እንዳጸደቀልሽ አውቃለሁ። ነገ ሄደሽ በትህትና አነጋግሪው። ያን አየር የሚነፋበትን ብርጭቆ ፎቶ አንስተሽ ሂጂ፤ ጥልቀቱ አንድ ሆኖ ሥሩ የተለያየባቸውን ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዪው፤ ከዚያ ርዕሱ ውስጥ ጥልቀት የሚለው ወጥቶ የኦክስጅን አቅርቦት የሚለው ቢገባ ምን ይመስልዎታል ብለሽ ጠይቂ። እምቢ ካለሽ ርዕሱን ተዪለት፤ ውጤቱን ግን እንደሆነው ጻፊ። አሁን ተነሺ፣ እኔ ገብሱን ልዘፍዝፍልሽ፤ አንቺ ጠርሙስ ለምነሽ ነይ።